ቫውቸር ከመፈረምዎ በፊት፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

በአሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ ልጁ የት እንደሚማር የሚያውቀው ለብዙ ዓመታት ቤት ሲከራይ ወይም ሲገዛ ነበር፤ ትምህርት ቤቱን የሚወስነው የመኖሪያ አድራሻው ነበርና። ዛሬ በኮሎምበስ፣ በፊኒክስ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሌላ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ጥያቄው በፖስታ በሚመጣ ወረቀት፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም በወዳጅ ስልክ ይደርሳል፤ መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት እየከፈለ ልጅዎን ለምን አያዛውሩም የሚል ነው።

ቅጽ መሙላት የከበዳቸውን ወላጆች ለመርዳት ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አንድ ነው። ወላጅ የገንዘቡን መጠን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ልጁ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ሲወጣ የትኛው መብት አብሮት እንደማይሄድ የሚናገረውን ገጽ ግን ሳያነበው ይፈርማል። በእኔ እምነት የቫውቸር ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ያለው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያም ወላጁ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ ሊመረምረው የሚገባውን ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀረበልዎን ነገር በትክክለኛ ስሙ ይለዩ

በንግግር ሁሉም «ቫውቸር» ይባላል እንጂ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ትክክለኛው ቫውቸር ነው፤ ክፍለ ሀገሩ፣ ማለትም ስቴቱ፣ የልጁን የትምህርት ክፍያ በሙሉ ወይም በከፊል በቀጥታ ለግል ትምህርት ቤቱ ይከፍላል። የኦሃዮው ኤድቾይስ የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው የትምህርት ሂሳብ ነው፤ ገንዘቡ በወላጅ ስም በተከፈተ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጥና ለክፍያ፣ ለመጽሐፍ፣ ለአስጠኚ ወይም በቤት ለሚሰጥ ትምህርት ይውላል። አሪዞና በዚህ መንገድ ትሠራለች፤ ቴክሳስም በሜይ 2025 በጸደቀው ሕግ ለ2026–27 የትምህርት ዘመን 1 ቢሊዮን ዶላር መድባ ይህንኑ መንገድ መርጣለች። ሦስተኛው በግብር ቅናሽ የሚመጣ ስኮላርሺፕ ነው፤ ግለሰቦችና ድርጅቶች ስኮላርሺፕ ለሚሰጡ ማኅበራት ገንዘብ ሲለግሱ መንግሥት ያንኑ ያህል ከግብራቸው ይቀንስላቸዋል። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግም አንድ ግብር ከፋይ እስከ 1,700 ዶላር በዚህ መንገድ እንዲሰጥና ከግብሩ እንዲቀነስለት ከ2027 ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ሆኖም የሚሠራው ስቴቱ በፈቃዱ ከገባበት ብቻ ነው።

ቻርተር ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ቻርተር በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ የሚያስተዳድረው ግን ከትምህርት ወረዳው ውጭ የሆነ ቦርድ ወይም ድርጅት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ በ1991 የወጣው በሚኒሶታ ሲሆን የመጀመሪያው ትምህርት ቤትም በማግስቱ ዓመት በሴንት ፖል ተከፍቷል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት በቻርተር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ናቸው። ልዩነቱን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቻርተር የሕዝብ ትምህርት ቤት በመሆኑ ልጅዎን በፈተና ውጤት፣ በቋንቋ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሊመልስ አይችልም፤ ቦታ ካነሰ ዕጣ ይጣላል። ቫውቸር የሚቀበል የግል ትምህርት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪውን መርጦ የመቀበል ሥልጣን አለው። ስለዚህ ማስታወቂያው በእጅዎ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ይህ ትምህርት ቤት በሕግ የሕዝብ ነው ወይስ የግል?» የሚል ይሁን።

የሚኖሩበት ስቴትም ይለያያል። ሜሪላንድ ከ2016 ጀምሮ ቡስት የሚባል፣ ለነጻ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ ለሆኑ ቤተሰቦች የተወሰነ አነስተኛ ፕሮግራም አላት። ጆርጂያ በ2024 ባወጣችው ሕግ 6,500 ዶላር የምትሰጠው በአካባቢያቸው ያለው ትምህርት ቤት ከዝቅተኞቹ 25 በመቶ ውስጥ ለሚመደብ ልጆች ነው። በዲሲ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት ለግል ትምህርት ቤት የሚሰጥ ቫውቸር የላቸውም። በዴንቨር ያለ ዘመድ የሰማውን በኮሎምበስ ላለ ዘመድ ሲነግር ሁለቱም የሚሳሳቱት በዚህ የተነሳ ነው።

ክርክሩ ከየት እንደመጣ ይወቁ

ወላጅ ታሪክ ለማወቅ ጊዜ የለውም ሊባል ይችላል። እኔ ግን የቫውቸር ደጋፊዎችም ሆኑ ተቃዋሚዎች እውነት እንዳላቸው የሚያሳየው ታሪኩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐሳቡን በዘመናዊ መልኩ በ1955 ያቀረበው የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን ነበር፤ መንግሥት ለትምህርት ገንዘቡን ይስጥ እንጂ ትምህርት ቤቱን ራሱ ማስተዳደር የለበትም፣ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ ሲወዳደሩ ይሻሻላሉ የሚል ነበር። ሐሳቡ በጽሑፍ ላይ እያለ በቨርጂኒያ ያንኑ መሣሪያ ለሌላ ዓላማ ያዋሉት ሰዎች ነበሩ። የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ባለሥልጣናት ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዳይማሩ በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ፤ ነጭ ልጆች ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዲገቡም የመንግሥት የክፍያ ድጋፍ ተሰጠ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በ1964 እስኪመጣ ድረስ የካውንቲው ጥቁር ልጆች ለአምስት ዓመት ያህል የሕዝብ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። ከአሌክሳንድሪያ ጥቂት ሰዓት በመኪና ቢነዱ የሚደርሱበት ቦታ ነው።

በሌላ በኩል ዛሬ የምናውቀውን የቫውቸር ፕሮግራም በ1990 በሚልዋኪ ያስጀመረችው ፖሊ ዊልያምስ ጥቁር የሕዝብ ተወካይ ነበረች፤ የምትከራከረውም የሠፈሯ ድሃ ልጆች ከወደቀ ትምህርት ቤት መውጫ በር እንዲኖራቸው ነበር። ኋላ ላይ የገቢ ገደቡ ሲነሳና ገንዘቡ ለሀብታሞችም ሲፈቀድ የተቃወመችውም ራሷ ናት። ሕጉ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 በክሊቭላንድ ጉዳይ የቫውቸር ገንዘብ በወላጅ ምርጫ ለሃይማኖት ትምህርት ቤት መዋሉን በ5 ለ4 ድምፅ ፈቀደ፤ በ2020 እና በ2022 በሞንታናና በሜን ጉዳዮች ደግሞ ይህን በር የበለጠ ከፈተው። አሪዞና በ2018 በሕዝበ ውሳኔ በ65 በመቶ ገደማ የተጣለውን ማስፋፊያ በ2022 በሕግ አውጪዎቿ በኩል ለሁሉም ልጅ ፈቀደች። ኦሃዮና ፍሎሪዳም በ2023 ተከተሉ። እንግዲህ ዛሬ በእነዚህ ስቴቶች የሚቀርብልዎ ቅጽ ለድሃ ልጅ ተብሎ የተጀመረው ፕሮግራም ከገቢ ገደቡ የተላቀቀ ዘሩ ነው።

የሚተዉትን መብት በዝርዝር ይጻፉ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ልጅዎ አሁን በሕዝብ ትምህርት ቤት ያለውን መብት ይዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የግል ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን መልስ ይጻፉ። ይህን ሳያደርጉ ምንም ነገር አይፈርሙ።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመግባት መብት ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤት በክልሉ የሚኖርን ልጅ የመቀበል ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ልጆችም እንደሚሠራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 የወሰነው ከቴክሳስ በመጣ ጉዳይ ላይ ነበር። አዲሱ የቴክሳስ የትምህርት ሂሳብ ግን ዜግነት ወይም ሕጋዊ መግቢያ ያለውን ልጅ ብቻ ነው የሚሸፍነው። አንዱ ልጅ እዚህ የተወለደ፣ ሌላው ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ ወንድምና እህት ተለያይተው ይማራሉ ማለት ሊሆን ይችላልና። የግል ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና ይሰጣል ወይ? ቃለ መጠይቅ ያደርጋል ወይ? የሃይማኖት አባት ደብዳቤ ይጠይቃል ወይ? ተማሪን በዓመቱ አጋማሽ ሊያሰናብት ይችላል ወይ? መልሱን በቃል ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አንብበው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበትም፣ የልዩ ድጋፍ ጉዳይ ነው። ልጅዎ የንግግር መዘግየት፣ ኦቲዝም፣ የማንበብ ችግር ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ካለበት በሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ አይ ኢ ፒ የሚባል በግሉ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ይኖረዋል። መሠረቱ በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በዕቅዱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ካልሰጠ ወላጅ መክሰስና የዳኝነት ችሎት መጠየቅ ይችላል። ወላጅ በራሱ ፈቃድ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲያዛውር ግን ይህ በግል የመጠየቅ መብት አብዛኛው ክፍሉ ይቋረጣል። የአሪዞናው ውል የትምህርት ወረዳው ልጁን ከማስተማር ግዴታ ነጻ መሆኑን በግልጽ ያስፈርማል። በቅርብ የማውቃት አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን በደስታ አዛወረች፤ ከሦስት ወር በኋላ ትምህርት ቤቱ «ለእሱ የሚሆን መምህር የለንም» አለና መለሰላት። ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ስትመለስ የንግግር ሐኪሙ ቀጠሮ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሕግ አልተጣሰም፤ ፊርማዋ የፈቀደው ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ያንን ገጽ በአማርኛ የሚያነብላት ሰው በዚያ ቀን አጠገቧ አልነበረም።

የቋንቋም መብት አለ። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ልጆች ባቀረቡት ጉዳይ እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ልዩ እገዛ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ዛሬ ኢ ኤስ ኤል እየተባለ የሚጠራው ክፍል መሠረቱ ይኸው ነው። ለወላጅም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት አማርኛ በከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ይህ በልመና የተገኘ አይደለም፤ ወላጆችና የማኅበረሰብ ማኅበራት ጠይቀው ያስከበሩት ነው። አንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ግን ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የማይቀበል ከሆነ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ በዚህ ሕግ ላይገደድ ይችላል። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ልጅ ካለዎት የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚሰጥ መምህር በትምህርት ቤቱ መኖሩን ስሙን ጠይቀው፣ ከቻሉም አግኝተው ይወቁ።

የሃይማኖት ነገር ለእኛ ቀላል አይደለምና ሳይጠየቅ አይታለፍ። ከቫውቸር ተቀባይ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንት፣ የእስልምና ወይም የአይሁድ ናቸው። የተዋሕዶ ልጅ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ቅዳሴ ላይ እንዲገኝ ይገደዳል ወይ? በዊስኮንሲን የሚልዋኪ ፕሮግራም ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ልጁ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ነጻ እንዲሆን ሕጉ ይፈቅዳል፤ በሌሎች ስቴቶች ይህ ላይኖር ይችላል። በጾም ቀን ምሳው ምን እንደሆነ፣ በገናና በጥምቀት መቅረት እንደ ቀሪ ይቆጠር እንደሆነም ይጠይቁ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ደግሞ ልጃቸው በእምነታቸው ተኮትኩቶ እንዲያድግ መፈለጋቸው የቫውቸሩ ዋና ምክንያት ነው፤ ያንን ፍላጎት የሚንቅ ክርክር ወላጆቻችንን እንደማያሳምን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ያስሉ

የቫውቸሩ መጠንና የትምህርት ቤቱ ክፍያ አንድ እንዳይመስልዎ። በኦሃዮ በ2023–24 ኤድቾይስ ከአፀደ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል እስከ 6,165 ዶላር፣ ለሁለተኛ ደረጃ እስከ 8,407 ዶላር ይከፍል ነበር፤ የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 450 በመቶ ሲያልፍ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ 11,000 ዶላር የሚያስከፍል ከሆነ ልዩነቱ የእርስዎ ነው። ነገር ግን ገቢው ከድህነት መስመሩ 200 በመቶ ያልበለጠ የኦሃዮ ቤተሰብ ከቫውቸሩ በላይ የትምህርት ክፍያ መጠየቅ የለበትም። ይህን ጥበቃ የሚያገኘው ገቢውን በሰነድ ያረጋገጠ ብቻ ስለሆነ የገቢ ማረጋገጫውን ክፍል «ግድ አይደለም» ብለው አይዝለሉት።

ከክፍያው ሌላ የደንብ ልብስ፣ የምዝገባ፣ የመጽሐፍ፣ የጉዞና የምሳ ወጪ አለ። በሕዝብ ትምህርት ቤት በነጻ የሚበላ ልጅ በግል ትምህርት ቤት ምሳ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ኦሃዮ የትምህርት ወረዳዎች ለግል ትምህርት ቤት ተማሪም በተወሰነ ርቀት አውቶቡስ እንዲያቀርቡ ታስገድዳለች፤ በሌላ ስቴት ግን ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት ጠዋትና ማታ ራሱ መንዳት ሊኖርበት ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያም ከአሁኑ ይጠይቁ። በአዮዋ የትምህርት ሂሳብ ሲጀመር ትምህርት ቤቶች ክፍያቸውን ከፍ እንዳደረጉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አዲስ አበባ ላይ በየክረምቱ የግል ትምህርት ቤት ጭማሪ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ወላጅ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ መለኪያ አይመዝኑት

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ እምነት አለ፤ የግል ወይም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥሩ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደካማ ነው የሚል። በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ተማሪ ለተማረ ሰው ይህ እምነት ከኑሮ የተገኘ ስለሆነ አልፈርድበትም። አሜሪካ ግን መለኪያው ሌላ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር ለማስተማር የስቴቱን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ የግል ትምህርት ቤት መምህር በብዙ ስቴቶች ይህ ግዴታ የለበትም። የሕዝብ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት በየዓመቱ ለማንም ሰው ይታተማል፤ የግሉ ላይታተም ይችላል። ደንብ ልብስና ጸጥታ የተማረ መምህርን ምትክ አይሆኑም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በሥራ ቀን ሄደው ይጎብኙ። ከተመሠረተ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን እንደለቀቁ፣ ተማሪዎቹ የትኛውን ፈተና እንደሚወስዱና ውጤቱን ለወላጅ እንደሚያሳዩ ይጠይቁ። የዕድሜው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። በሚልዋኪ ከ1991 እስከ 2015 በፕሮግራሙ ከገቡት የግል ትምህርት ቤቶች 41 በመቶዎቹ ወድቀው መዘጋታቸውን አንድ ጥናት መዝግቧል፤ አዲስ የተከፈቱት ከነባሮቹ ይልቅ ለመዘጋት ቅርብ ናቸው። በሰፈርዎ ቀድሞ ሱቅ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ባለፈው ዓመት የተከፈተ ትምህርት ቤት እና ለሃምሳ ዓመት የቆየ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ቫውቸር ቢቀበሉም አንድ አይደሉም።

ጥናት ሲጠቀስልዎ ምን ይጠይቃሉ?

ሁለቱም ወገኖች ጥናት ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም ሊዋሹ አይደለም። በዲሲ ፕሮግራም ላይ በ2010 የወጣው ግምገማ ስኮላርሺፕ ከቀረበላቸው ልጆች 82 በመቶ፣ ካልቀረበላቸው 70 በመቶ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ አሳየ። በ2017 የወጣው ሌላ ግምገማ ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አገኘ፤ በሦስተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠፋ። በሉዊዚያና የሒሳብ ውጤቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጉልህ ወረደ። በኦሃዮ ደግሞ በ2016 የወጣ ጥናት የኤድቾይስ ልጆች በፈተና ዝቅ ማለታቸውን ሲያሳይ፣ በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጠቃሚዎች 64 በመቶዎቹ ኮሌጅ መግባታቸውን፣ ከአቻዎቻቸው ግን 48 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ።

ከዚህ ሁሉ ለወላጅ የሚሆን አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ የተጠናው ልጅ የእኔን ልጅ ይመስላል ወይ? የኦሃዮ መልካሙ ውጤት የተገኘው ፕሮግራሙ ከደካማ ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ልጆች በተወሰነበት ዘመን ነው። ዛሬ ለሁሉም ከተከፈተ በኋላ ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ ቀድሞም በግል ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ናቸው፤ በአሪዞናም እንዲሁ ሆኗል። የድሮውን ውጤት ይዞ የአሁኑን ፕሮግራም ማመስገን ትክክል አይደለም።

የሚቀሩትንም ልጆች ያስቡ፤ ድምፅዎንም ያሰሙ

ልጅዎን ቢያዛውሩም ባያዛውሩም የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ የእርስዎ ነው፤ የጎረቤትዎ ልጅ እዚያ ነውና። ገንዘቡ ልጁን ይከተላል ሲባል ቀላል ይመስላል። አራት መቶ ተማሪዎች ካሉት ትምህርት ቤት ሃያ ልጆች ቢወጡ ከየክፍል ደረጃው ሁለትና ሦስት ልጅ ነው የሚጎድለው፤ አንድም መምህር መቀነስ አይቻልም፣ አውቶቡሱም መሄዱን፣ ማሞቂያውም መንደዱን አያቆምም። የገቢው ጉድለት የሚሸፈነው ከሙዚቃው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዳንዴም ከኢ ኤስ ኤል መምህሩ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ቫውቸሩን ከወረዳው ሳይቀንሱ በቀጥታ ከራሳቸው በጀት ይከፍላሉ፤ ኦሃዮ ከ2021 ጀምሮ እንዲህ ታደርጋለች። ቢሆንም ቫውቸሩም ወረዳውም የሚቀዱት ከአንድ ማሰሮ ነው፤ በ2023–24 የኦሃዮ የቫውቸር ወጪ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። እኔ በበኩሌ ውስን ገንዘብ ላለው ቤተሰብ የተወሰነ ቫውቸር እቀበላለሁ፤ ለባለ ሀብት የሚሰጠውን ግን ሕዝቡ ከልጆቹ ክፍል የሚያወጣው ገንዘብ ስለሆነ አልቀበለውም።

የእርስዎ አስተያየት ከእኔ ቢለይም መናገሪያ ቦታዎቹ ያው ናቸው። የትምህርት ወረዳው ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ከተመዘገቡ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጥዎታል፤ አስተርጓሚም ቀድመው ይጠይቁ። በዚያች አጭር ጊዜ ስለ መላው ፖሊሲ ከመናገር ይልቅ በልጅዎ ክፍል የሆነውን አንድ ነገር ይናገሩ። የስቴቱ ሕግ አውጪ ኮሚቴ ችሎት ላይም ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ሐሳቡን ማቅረብ ይችላል። ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ነው። በኖቬምበር 2024 በኬንታኪ፣ በነብራስካና በኮሎራዶ ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ የቫውቸሩ ወገን በሦስቱም ቦታ ተሸንፏል፤ ወደፊትም እንዲህ ያለ ምርጫ ይኖራል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ የስቴት ምርጫ ቢመርጥ ዜግነት የማግኘት ዕድሉንም ሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ማንም «ችግር የለውም» ቢልዎ አይስሙት።

ሕጉ ገና እየተንቀሳቀሰ መሆኑንም ይወቁ። በጁን 2025 በኮሎምበስ የሚገኘው የፍራንክሊን ካውንቲ ፍርድ ቤት ኤድቾይስ ከኦሃዮ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ሲል ወስኗል፤ ይግባኙ እስኪታይ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ተፈቅዷል። ልጅዎን በቫውቸር ያስገቡ እንደሆነ ገንዘቡ ቢቆም ምን እንደሚያደርጉ ዛሬውኑ ያስቡበት።

ነገሩ ካልሆነ እንዴት ይመለሳሉ?

ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ፣ ልጁን ቢያሰናብት ወይም እርስዎ ራስዎ ቢወስኑ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ አጋማሽም ቢሆን ይቀበልዎታል። የመኖሪያ ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ይዘው ወደ ወረዳው የምዝገባ ቢሮ ይሂዱ። ልጁ ቀድሞ አይ ኢ ፒ ከነበረው በዚያው ዕለት ዕቅዱ እንዲታደስና ግምገማ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር የሚቆጠርበት ቀን የለውም፤ የጽሑፍ ጥያቄ ግን ቀን አለው። ለግል ትምህርት ቤቱ ከኪስዎ የከፈሉት ቀሪ ገንዘብ ካለ ውሉ ስለ ተመላሽ ክፍያ ምን እንደሚል ይመልከቱ። የቀድሞው ዕቅድ ቅጂ በእጅዎ ከሌለ ደግሞ የትምህርት ወረዳው መዝገብ ክፍል እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብቱ ከ1974 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው።